የተሸጠው መኪና ሲጠራ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪና የደኅንነት ጥሪ አጭር ታሪክ

የተሸጠ ዕቃ ልማቱም ጥፋቱም የገዢው ነው የሚለው አስተሳሰብ በንግዱ ዓለም ረጅም ዕድሜ የኖረ ነው። ሻጭ ገንዘቡን ተቀብሎ ዕቃውን ካስረከበ በኋላ ኃላፊነቱ ከመደብሩ ደጃፍ አያልፍም ነበር። በመኪና ረገድ ይህን ልማድ በግልጽ የሻረው በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በሴፕቴምበር 9 ቀን 1966 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፊርማ የጸናው የትራፊክና የሞተር ተሽከርካሪዎች ደኅንነት ሕግ ነው። ራልፍ ኔደር የተባሉት የሕግ ባለሙያ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ባሳተሙት መጽሐፍ የመኪና ሠሪዎችን ቸልተኝነት በመንቀፋቸው የተነሣው የሕዝብ ቁጣ የሕጉን መውጣት አፋጥኖታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ ሠሪውን ያስገደደው ቀላል በሚመስል ነገር ነበር፤ ደብዳቤ በመጻፍ። በሠራው መኪና ላይ ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት መኖሩን የተረዳ ፋብሪካ ይህንኑ ለመጀመሪያው ገዢ፣ እንዲሁም ዋስትናው ለተላለፈለት ተከታይ ገዢ በሪኮማንዴ ደብዳቤ እንዲያሳውቅ ታዘዘ። ጉድለቱን በነፃ የማረም ግዴታ የተጨመረው ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1974 በተደረገው ማሻሻያ ነው። እኛ በአማርኛ «መልሶ መጥራት» ወይም ባጭሩ «ጥሪ» ብንለው የሚያስኬደው አሠራር ከዚህ ተወለደ።

ልብ ብሎ ለተመለከተው የዚህ አሠራር ምሰሶ መፍቻና መዶሻ ሳይሆን መዝገብ ነው። የትኛው ክፍል በየትኛው ቀን በየትኛው መኪና ላይ እንደተገጠመ፣ ያም መኪና በማን እጅ እንዳለ ያልታወቀ እንደሆነ ደብዳቤውን ለማን ይጽፉታል? በነዳጅ ለሚሠራው መኪና ይህን መዝገብ አሟልቶ ለመያዝ ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። የኤሌክትሪክ መኪና በመጣ ጊዜ ግን ጥያቄው እንደገና ከሥሩ ተነሣ፤ ምክንያቱም የሚጠራው ፍሬን ወይም መሪ ሳይሆን ከዋጋውም ከክብደቱም ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ባትሪ ሆነ።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከመንገድ ሳይሆን ከመፈተሻ ጣቢያ ነው። በሜይ 2011 የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ሼቭሮሌት ቮልት የተባለውን መኪና በዊስኮንሲን ግዛት ከጎን አስመትቶ ፈተነው። መኪናው ፈተናውን አልፎ በግቢው ውስጥ ቆመ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ከቆመበት ተቀጣጥሎ ራሱንም አጠገቡ የነበሩትን ሦስት መኪናዎችም አወደመ። ምርመራው እንዳመለከተው በግጭቱ ጊዜ የባትሪው መያዣ ተወግቶ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ አፈትልኳል፤ ይኸው ፈሳሽ እየደረቀ ሲሄድ ለኤሌክትሪክ የማይገባ መተላለፊያ ፈጠረ። የነዳጅ መኪና ሲገለበጥ ነዳጁን መቅዳት ልማድ እንደሆነ ሁሉ፣ የተጋጨ ባትሪም ኃይሉ ተሟጥጦ መውጣት እንዳለበት ሙያው የተማረው ያን ጊዜ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በጃንዋሪ 2012 በ8,000 ያህል መኪናዎች ላይ የብረት ማጠናከሪያ ለመግጠም ተስማማ። ይህንንም «ጥሪ» ብሎ ከመሰየም ተቆጠበ።

በስሙ ላይ የተነሣው ክርክር በዚህ አላበቃም። በኖቬምበር 2013 በካሊፎርኒያ አርቫይን ከተማ አንድ የቴስላ ሞዴል ኤስ መኪና ኃይል በሚሞላበት ጋራዥ እሳት ተነሣ፤ ጥርጣሬውም በግድግዳው ሶኬትና በማገናኛው አካባቢ ላይ ወደቀ። ኩባንያው መሣሪያዬ ጥፋት የለበትም ቢልም፣ የመስመሩ ቮልቴጅ ሲዋዥቅ መኪናው የሚስበውን ኃይል በ25 በመቶ እንዲቀንስ የሚያደርግ ፕሮግራም በአየር ላይ ላከ። በጃንዋሪ 2014 ደግሞ 29,222 መኪናዎችን የሚመለከት ጥሪ ተመዘገበ፤ ሙቀት ሲበዛ የሚቆርጥ ፊውዝ ያለው ማገናኛም በፖስታ ለባለቤቶች ይላክ ጀመር። የኩባንያው መሪ ኢሎን መስክ አንድም መኪና ወደ ጋራዥ ሳይመለስ ጉዳዩ «ጥሪ» መባሉን በአደባባይ ተቃወሙ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ተቃውሞው የቃል ጨዋታ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ሕጉ የሚጠይቀው የጉድለቱን መታወቅና መታረም እንጂ የመኪናውን ጉዞ አይደለምና። ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ግን ሌላው ገጽ ነው። በልብስ ካውያ ወይም በምጣድ ጊዜ ችግር ያላሳየ የላላ ብሎን፣ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ያለማቋረጥ ሲስብበት ይግላል፤ ግለቱም መያዣውን ይበልጥ ያላላዋል።

ከሁሉ የከበደው ታሪክ የሁለት መኪናዎች ታሪክ ነው፤ የሃዩንዳይ ኮናና የሼቭሮሌት ቦልት። የሁለቱም ሴሎች የመጡት ከአንድ የኮርያ ኩባንያ፣ ከኤልጂ ነው።

በኮርያ በርካታ የኮና መኪናዎች ከተቃጠሉ በኋላ በኦክቶበር 2020 ጥሪ ወጣ። መድኃኒቱ የባትሪውን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ማሻሻል ነበር። በጃንዋሪ 2021 ግን ፕሮግራሙ የታደሰለት አንድ መኪና በዴጉ ከተማ ተቃጠለ። ከአንድ ወር በኋላ ሃዩንዳይ በዓለም ዙሪያ 82,000 ያህል ተሽከርካሪዎችን ባትሪ ለመለወጥ ወሰነ፤ ወጪውም 1 ትሪሊዮን ዎን ያህል ተገመተ። የኮርያ መንግሥት መርማሪዎች በናንጂንግ ፋብሪካ በተሠሩ ሴሎች ውስጥ የአሉታዊው ዋልታ ማያያዣ መታጠፉን አመለከቱ፤ ኤልጂ ግን የእሳቱ ምክንያት ይህ መሆኑ አልተረጋገጠም ሲል ተከራከረ።

ቦልትም ያንኑ መንገድ በሌላ አህጉር ተከተለ። ባትሪው 288 ሴሎችን የያዘ፣ 435 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ነው። በኖቬምበር 2020 ጄኔራል ሞተርስ ከ2017 እስከ 2019 ሞዴል ያሉትን፣ በኮርያው ኦቻንግ ፋብሪካ የተሠሩ ሴሎችን የያዙትን 69,000 የሚጠጉ መኪናዎች ጠራ፤ እስከ ጊዜው ድረስም ባትሪያቸው ከ90 በመቶ በላይ እንዳይሞላ አገደ። ምክንያቱ ለባለሙያ ግልጽ ነው፤ የሞላ ሴል ብዙ ኃይል የታመቀበት በመሆኑ አንዱ ውስጡ ቢነካካ ሙቀት ሙቀትን እየወለደ ወደ ጎረቤቶቹ ይዛመታል። በ1ኛው ዓመት አጋማሽ ላይ፣ ማለትም በ2021 ጸደይ፣ የታመመውን ሴል ፈልጎ ያገኛል የተባለ የመመርመሪያ ፕሮግራም «የመጨረሻ መፍትሔ» ተብሎ ቀረበ። ባለቤቶችም መኪናቸውን አስመርምረው፣ ድናለች ተብለው ተመለሱ።

በጁላይ 2021 ከተመረመሩትና ከዳኑት መካከል ሁለቱ ተቃጠሉ። አንደኛው የተቃጠለው በቬርሞንት ግዛት በአንድ የምክር ቤት አባል ቤት ደጅ ነው። ኩባንያው ያን ጊዜ የተናገረው ቃል ከፊተኛው የተለየ ነበር፤ መኪናችሁን ከቤት ውጭ አቁሙ፣ ሌሊት በጋራዥ ውስጥ አትሙሉ፣ ባትሪውም እጅግ እስኪጎድል አትጠብቁ አለ። በሞላበት ቀን የታየው አደጋ በጎደለበት ቀንም እንዳለ ያወቁት ዘግይተው ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። የእሳቱ ምንጭ ሁለት ጥቃቅን የአሠራር ጉድለቶች በአንድ ሴል ውስጥ በአጋጣሚ መገናኘታቸው መሆኑ ታወቀ። አንደኛው ከአሉታዊው ሉህ የሚወጣው ምላስ መሰል ማያያዣ መቀደድ፣ ሁለተኛው ሁለቱን ዋልታዎች የሚለየው ስስ መጋረጃ መታጠፍ ነው። እያንዳንዱ ብቻውን መኪናውን አያቃጥልም፤ ሲገናኙ ግን ያቃጥላሉ። እንዲህ ያለው ጉድለት በሺዎች ከሚቆጠሩት መኪናዎች መካከል በጥቂቶቹ ብቻ የሚገኝ በመሆኑ መርማሪው የሚያድነው በማሽላ ክምር ውስጥ የጠፋች ዶቃ ነው። ከዚህም የከፋው መዝገቡ የተሠመረበት መሥመር ትክክል አለመሆኑ ነበር። ጉድለቱ የኦቻንግ ፋብሪካ ብቻ ነው የተባለው በምርመራ ሲገፋ በሌሎቹም የኤልጂ ፋብሪካዎች ሴሎች ላይ ተገኘ። ስለዚህ በኦገስት 20 ቀን 2021 ጥሪው እስከዚያ ጊዜ የተሠሩትን ቦልቶች በሙሉ፣ በጠቅላላው 142,000 ያህል መኪናዎችን አካተተ፤ በሚቺጋን የሚገኘው የኦራየን ፋብሪካም ሥራውን አቆመ፤ የቦልት መደበኛ ምርትም የቀጠለው በአፕሪል 2022 ነው። ወጪው 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ደርሶ፣ ከዚህ ውስጥ እስከ 1.9 ቢሊዮን የሚሆነውን ኤልጂ ሊተካ መስማማቱ በኦክቶበር ተገለጸ።

በሁለቱም ሀገር የተደረገው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው ለማለት እደፍራለሁ። ምክንያቱ ከመታወቁ በፊት መድኃኒቱ ታዘዘ፤ መድኃኒቱም የተመረጠው ርካሽና ፈጣን በመሆኑ ነው። ፕሮግራም መላክ በአንድ ቀን ይፈጸማል፤ 435 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባትሪ አውርዶ ሌላ መግጠም ግን ዓመታት ይወስዳል። ለመሐንዲሶቹ ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ ባትሪዎቹን ለመለወጥ የሚበቃ ሴል ያን ጊዜ በመጋዘን አልነበረም፤ እስኪሠራ ድረስም አንድ ነገር ማድረግ ግድ ነበር። ጥፋቱ ጊዜያዊውን መከላከያ የመጨረሻ ብሎ መሰየሙ ላይ ነው። ባለቤቱ በዚያ ስም ተማምኖ መኪናውን ወደ ጋራዡ መልሶ አስገባ።

በቻይናም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ጉድለት ያለባቸውን መኪናዎች መልሶ የመጥራት ደንብ በዚያች ሀገር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በ2019 በሺአን፣ በሻንጋይና በዉሃን ኢኤስ8 የተባሉ የኒዮ ኩባንያ መኪናዎች ከተቃጠሉ በኋላ ኩባንያው በጁን ወር 4,803 መኪናዎችን ጠርቷል። ምክንያቱም በባትሪው ክፍል ውስጥ ያለ የመለኪያ ሽቦ በክዳኑ ተጨፍልቆ ሽፋኑ መላጡ ነበር። ጥሪው ፈጣን ነበር፤ መኪናዎቹ በሀገር ውስጥ፣ ባለቤቶቻቸውም በኩባንያው መዝገብ ላይ ነበሩና።

የቻይናን ጉዳይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቋል። ወደ አዲስ አበባ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። የመሙያ ሶኬታቸው የቻይናን ደረጃ የተከተለ፣ የመስታወት ሰሌዳቸው ጽሑፍም ቻይንኛ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ለምሳሌ በከተማችን ጎዳናዎች የሚታየው ፎልክስዋገን አይዲ.6 ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ነው። እንዲህ ያለው መኪና ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ተላልፎ ቃሊቲ ሲደርስ፣ በሠሪው መዝገብ ላይ ባለቤቱ የሆነው ሰው አሁንም በሌላ አገር ያለ ሊሆን ይችላል። ጥሪ ቢወጣ ደብዳቤው የሚሄደው ወደዚያ ሰው ነው። በአየር የሚላከውም ፕሮግራም ቢሆን መኪናው ከሀገሩ የመገናኛ መረብ ከወጣ ላይደርሰው ይችላል።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ቁጥር በእጃችን አለ። እያንዳንዱ መኪና አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ያለው የሻንሲ ቁጥር አለው፤ በሊብሬው ላይ ይጻፋል፤ በየዓመቱ ለቦሎ ሲመረመርም ይታያል። የአሜሪካው የደኅንነት መሥሪያ ቤት በሀገሩ የተሸጠ መኪና በዚህ ቁጥር የሚጠየቅበትን መዝገብ በ2014 ለሕዝብ ከፍቷል፤ የቻይናም የገበያ ተቆጣጣሪ የጥሪ ማስታወቂያዎቹን ያወጣል። መርማሪው ቁጥሩን ከእነዚህ ጋር ቢያስተያይ የሚፈጅበት ጊዜ የጎማ ጥርስ ከመለካት አይበልጥም።

አንድ ነገር ግን ገና ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል። በግጭት ከተበላሹ መኪናዎች የወጡ ባትሪዎች ወደ ሌሎች መኪናዎች መዛወራቸው አይቀርም፤ በእኛ ሀገር ሞተር እየወረደ ሲገጠም እንደኖረው ማለት ነው። ሞተር ሲለወጥ የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ይስተካከላል። ባትሪውም በላዩ የታተመ የራሱ ቁጥር አለው፤ ጥሪ ሲመጣ የሚፈለገው እርሱ ነው፤ ባትሪው ከተዛወረ በኋላ የሻንሲው ቁጥር ብቻውን የሚጠቁመው የተሳሳተውን መኪና ነው።