የሚታጠፈው መስኮት፦ የካሜራ ተንቀሳቃሽ ስክሪን ታሪክና ፋይዳ

ፎቶግራፍ አንሺ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው፣ ካሜራውን ከግንባሩ አጣብቆ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው የሚያነጣጥር ሰው ነው። ይህ አቋም ግን ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። ከጊዜ በኋላ የመጣ፣ ለአሠርት ዓመታት የገነነ፣ ቀስ በቀስም የተለወጠ ልማድ ነው። ለለውጡ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ በብዙ ዲጂታል ካሜራዎች ጀርባ የሚገኘው፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን የሚታጠፈው ተንቀሳቃሽ ስክሪን ነው። ለመሆኑ ይህ ማጠፊያ ተጨማሪ ገንዘብ ሊከፈልበት ይገባልን? ወይስ የሻጮች ማባበያ ብቻ ነው? ተገቢውን መልስ ለማግኘት ታሪኩን ከሥሩ መመርመር ያሻል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥቁሩ ጨርቅ እስከ ደረት

በ1839 የዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ በፓሪስ ለሕዝብ ይፋ ከሆነ በኋላ ለብዙ ዓመታት ፎቶግራፍ አንሺው ሊያነሣው ያለውን ምስል የሚያየው በካሜራው ጀርባ በተገጠመ ደብዛዛ መስታወት ላይ ነበር። ምስሉ ተገልብጦ፣ ሰማዩ ከታች፣ ምድሩ ከላይ ሆኖ ይታያል። የውጭው ብርሃን እንዳያደበዝዝበት ባለሙያው ራሱን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍናል። እንግዲህ ምስልን ከማንሣት በፊት በገጽ ላይ ተዘርግቶ ማየት በዲጂታል ዘመን የተገኘ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከፎቶግራፍ መነሻ ጀምሮ የነበረ ነው።

በ1920ዎቹ ሁለት የጀርመን ካሜራዎች ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ከፈቱ። በ1925 በላይፕዚግ ትርዒት የቀረበው ላይካ ትንሽ፣ ቀላልና ከዓይን ጋር ተጣብቆ የሚሠራ ነበር። በ1929 ከብራውንሽቫይግ የወጣው ሮላይፍሌክስ ደግሞ ሁለት ሌንሶችን አንዱን ካንዱ በላይ ደርድሮ መጣ። የታችኛው ፊልሙን ሲያገለግል የላይኛው ምስሉን በ45 ዲግሪ በተጋደመ መስታወት አማካይነት በካሜራው አናት ላይ ወዳለው ገጽ ይልካል። ምስሉ ቀጥ ብሎ ቢታይም ቀኝና ግራው የተለዋወጠ ነው። ባለ ሮላይፍሌክሱ ካሜራውን ከሆዱ ወይም ከደረቱ ላይ አስደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ታች እየተመለከተ ያነሣል።

ይህ የአቋም ልዩነት በፎቶግራፉ ይዘት ላይ የራሱን አሻራ አሳርፏል። ከሆድ ከፍታ የተነሣ ሰው ከፍ ብሎ፣ ግርማ ተላብሶ ይታያል። በቺካጎ በሞግዚትነት እየሠራች በሮላይፍሌክስ የጎዳናውን ሕይወት ስትቀርጽ የኖረችው ቪቪያን ሜየር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ሥራዎቿ በ2007 በጨረታ ተሽጠው በ2009 ከሞተች በኋላ ዓለም ሲያውቃቸው፣ ተመልካቹን ከማረኩት ነገሮች አንዱ ተራ መንገደኞች በክብር ቆመው መታየታቸው ነው።

ይሁን እንጂ ድሉ የዓይን ሆነ። በ1949 በድሬስደን የተሠራው ኮንታክስ ኤስ በአናቱ ላይ በተገጠመ ፕሪዝም አማካይነት ምስሉን ሳይገለብጥና ቀኝና ግራውን ሳያምታታ ለዓይን አቀረበ። በ1959 የወጣው ኒኮን ኤፍ ይህንኑ አሠራር በጋዜጠኞች ዘንድ የታወቀ አደረገው። ኒኮን ኤፍ ግን ሌላውን መንገድ ፈጽሞ አልዘጋም፤ ፕሪዝሙ ተነቅሎ ከላይ የሚታይበት መመልከቻ ሊገጠምለት ይችል ነበር። የፋብሪካው መሐንዲሶች አንድ አቋም ብቻ ለሁሉም ሥራ እንደማይበቃ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

የስክሪን መምጣት

በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ ስክሪን አልነበረውም። 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን የነበረው ይህ መሣሪያ አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ የተነሣው የሚታየውም በቴሌቪዥን ነበር። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1995 ለገበያ የቀረበው ካሲዮ ኪው ቪ-10 በጀርባው 1.8 ኢንች ስክሪን ይዞ መጣ። የሚያስገርመው የዚህ ካሜራ ሌንስ በስክሪኑ ጎን ባለ ክፍል ላይ ተገጥሞ የሚሽከረከር መሆኑ ነው። ስለዚህ ሰፊው ሸማች ባገኘው በመጀመሪያው ባለ ስክሪን ዲጂታል ካሜራ ላይ ሌንሱና ስክሪኑ ከአንድ አቅጣጫ እስራት ተፈተው ነበር። በ1999 የወጣው ኒኮን ኩልፒክስ 950ም ገላው ለሁለት ተከፍሎ የሚጠማዘዝ ነበር።

ስክሪኑ ራሱ በማጠፊያ ላይ ተቀምጦ የሚንቀሳቀስበትን አሠራር ካስለመዱት መካከል በ2000 የወጣው ካኖን ፓወርሾት ጂ1 ይገኛል። የዚህ ዝርያ ታሪክ ለተነሣው ጥያቄ ከማንኛውም ክርክር የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። ከጂ1 እስከ ጂ6 ድረስ ስክሪኑ ተንቀሳቃሽ ነበር። በ2006 ጂ7 ሲወጣ ግን ካኖን ማጠፊያውን አስወግዶ በምትኩ 2.5 ኢንች ስፋት ያለው የማይንቀሳቀስ ስክሪን ገጠመ። በ2007 እና በ2008 የተከተሉት ጂ9 እና ጂ10 ስክሪናቸው ወደ 3 ኢንች አደገ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። በ2009 ጂ11 ሲመጣ ማጠፊያው ተመለሰ፤ የስክሪኑ ስፋት ግን ወደ 2.8 ኢንች ዝቅ አለ። በ2012 በጂ15 ላይ ደግሞ እንደገና ጠፋ።

ይህ ውዥንብር የሚመስል ጉዞ በውስጡ ግልጽ ሒሳብ አለው። በትንሽ ካሜራ ጀርባ ላይ ያለው ቦታ ውሱን ነው። ማጠፊያው፣ ክፈፉና ስክሪኑን ከካሜራው ጋር የሚያገናኘው ተጣጣፊ ሽቦ ከስፋቱም ከቅጥነቱም ይቀንሳሉ። ሰፊ ስክሪን የፈለገ ማጠፊያውን ይተዋል፤ ማጠፊያውን የፈለገ ወፍራም ካሜራ ይሸከማል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ስላልነበረ ፋብሪካው በየሦስት በየአራት ዓመቱ ሐሳቡን ይለዋውጥ ነበር።

የመስታወቱ እንቅፋት

ለባለሙያ በሚሠሩት ባለ መስታወት ካሜራዎች ላይ ችግሩ ሌላ ነበር። በእነዚህ ካሜራዎች ውስጥ ብርሃኑ በመስታወት አማካይነት ወደ ዓይን ስለሚላክ፣ መዝጊያው እስኪከፈት ድረስ ሴንሰሩ አንዳች ነገር አያይም። ስለዚህ ስክሪኑ የተነሣውን ለማሳየት እንጂ የሚነሣውን ለማሳየት አያገለግልም ነበር፤ ቀድሞ የማያሳይ ስክሪን ደግሞ ቢታጠፍ ባይታጠፍ ለውጥ የለውም። በ2006 የወጣው ኦሊምፐስ ኢ-330 በመመልከቻው ውስጥ ሁለተኛ ሴንሰር በመትከል ይህን እንቅፋት ተሻገረ፤ ስክሪኑም ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፍ ነበር። በ2007 ፓናሶኒክ ኤል10፣ በ2009 ኒኮን ዲ5000፣ በ2010 ካኖን 60ዲ ተከተሉ።

የከፍተኛ ባለሙያዎች ካሜራዎች ግን ለረጅም ጊዜ አሻፈረኝ አሉ። በ2020 የወጡት ካኖን 1ዲ ኤክስ ማርክ 3 እና ኒኮን ዲ6 እንኳ ስክሪናቸው የማይንቀሳቀስ ነበር። የሚቀርበው ምክንያት ጥንካሬ ነው። በዝናብ፣ በአቧራና በግፊያ መካከል የሚውል ካሜራ የሚሰበር አካል ባነሰው መጠን ይመረጣል። መስታወቱን ያስወገዱት አዳዲስ ካሜራዎች ሲመጡ ግን ክርክሩ ተፈታ። ኒኮን ዜድ9 እና ካኖን አር3 በ2021፣ ካኖን አር1 በ2024 ተንቀሳቃሽ ስክሪን ይዘው ወጡ። ማጠፊያውን ለአማተር መጫወቻ አድርገው ይቆጥሩት የነበሩት መሥሪያ ቤቶች ከምርቶቻቸው ቁንጮ ላይ ገጠሙት።

ጥቅሙና ዋጋው

ተንቀሳቃሽ ስክሪን ሁለት ዋና ዓይነት አለው። አንደኛው በሌንሱ መስመር ላይ ሳለ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚያዘነብል ነው። ፈጣንና ቀላል ሲሆን፣ የተመልካቹ ዓይን ከሌንሱ አቅጣጫ አይወጣም። ሁለተኛው በጎን ተከፍቶ በራሱ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። ይህኛው ካሜራው ቁም ተደርጎ ሲያዝም ይሠራል፤ ወደ ፊት ዞሮ ራሱን ለሚቀርጽ ሰው ይታያል፤ ሲዘጋም ገጹ ወደ ውስጥ ዞሮ ከጭረት ይጠበቃል። በአንጻሩ ከሌንሱ መስመር ወደ ጎን ስለሚወጣ ማነጣጠርን ያውካል። በ2022 የወጣው ሶኒ አልፋ 7አር 5 ሁለቱን በአንድነት አጣምሮ አቅርቧል።

ጥቅሙ በተለይ ገላ በማይደርስበት ቦታ ይታያል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ለማንሣት የሚፈልግ ሰው፣ በተለመደው ካሜራ አንገቱን እስኪያመው መቀልበስ ወይም መሬት ላይ በጀርባው መተኛት ይኖርበታል። ስክሪኑ የሚታጠፍ ከሆነ ካሜራውን በደረቱ ላይ ወደ ሰማይ አዙሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ማየት ይችላል። በጥምቀት በዓል ጃን ሜዳ ላይ በሕዝብ መካከል የቆመም እንዲሁ ካሜራውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ ስክሪኑን ወደ ታች አዘንብሎ፣ በግምት ሳይሆን እያየ ያነሣል። ጉልበቱን ለሚያመው አዛውንት ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው ደግሞ ይህ ማጠፊያ አንድን ፎቶግራፍ ማንሣት በመቻልና ባለመቻል መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ዋጋውም መዘንጋት የለበትም። ከፊት ጋር የተጣበቀ ካሜራ በሁለት እጅና በግንባር ስለሚደገፍ ይረጋል፤ ከገላ ርቆ የተያዘ ግን ይንቀጠቀጣል። በቀትር ፀሐይ ስክሪን ይደበዝዛል። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ከቅርብ ያለን ስክሪን ለማየት መነጽር ሲያሻው፣ በዓይን መመልከቻ ላይ ያለችው ትንሽ ማስተካከያ ግን ያለ መነጽር እንዲያይ ትረዳዋለች። በፍጥነት የሚበር ወፍ ወይም የሚሮጥ አትሌት በረጅም ሌንስ የሚከታተል ባለሙያ ማጠፊያውን ሳይነካ ሊውል ይችላል።

የመደበቅና የመታየት ጥያቄ

ከቴክኒኩ ባሻገር ግን አንድ ከባድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም በሚያነሣውና በሚነሣው መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ወደ ታች የሚያይ ፎቶግራፍ አንሺ የሚያነሣ አይመስልም። ሰውን ሳያውቅ የማንሣት ፍላጎት ደግሞ ከዲጂታል ዘመን የቀደመ ነው። ፖል ስትራንድ በ1916 በኒው ዮርክ ጎዳናዎች በካሜራው ጎን የሐሰት ሌንስ ገጥሞ ዓይነ ስውር ሴትን ጭምር አንሥቷል። ዎከር ኤቫንስ ከ1938 እስከ 1941 በምድር ውስጥ ባቡር መንገደኞችን በኮቱ ሥር በደበቀው ካሜራ ቀርጾ፣ ሥራውን በመጽሐፍ ያሳተመው በ1966 ነው። ተንቀሳቃሽ ስክሪን ይህን የመደበቅ ችሎታ ለማንም ሰው አድሏል።

በተቃራኒው ያው ማጠፊያ ፎቶግራፍ አንሺውን ሊገልጠውም ይችላል። ካሜራ ፊቱን የጋረደበት ሰው ለሚነሣው ባለ አንድ ዓይን መሣሪያ ሆኖ ይታያል። ካሜራውን ወደ ደረቱ ያወረደ ግን ቀና ብሎ ፊት ለፊት ሊነጋገር፣ ፈገግ ሊል፣ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። ሁለቱንም ዓይን መግለጥ በጎነትን እንደሚያመለክት ለለመደ ተመልካች፣ ፊቱን ከካሜራው ጀርባ ያወጣ ፎቶግራፍ አንሺ የሚሰጠው ስሜት የተለየ ቢሆን አያስገርምም።

የከፍታውም ነገር እንዲሁ ነው። በአማርኛ «ሰውን ዝቅ አድርጎ ማየት» ማለት መናቅ ነው። ቆሞ የሚያነሣ ፎቶግራፍ አንሺ መሬት ላይ የተቀመጠን ገበሬ ወይም ሕፃን ሲቀርጽ፣ ሳያስበው ይህንኑ አባባል በሥዕል ይተረጉመዋል። የተቸገሩ ሰዎች ከላይ ወደ ታች እየታዩ በተነሡባቸው ፎቶግራፎች ለተመልካች ሲቀርቡ፣ ችግራቸው ብቻ ሳይሆን ማነሳቸውም አብሮ ይታተማል። ማንበርከክን ወይም መንበርከክን ሳይጠይቅ ካሜራውን በተቀማጩ ዓይን ልክ የሚያወርድ ማጠፊያ ይህን ስሕተት ለማረም የሚረዳ ቀላል መሣሪያ ነው።

ስክሪንን ራሱን የተቃወሙም አልጠፉም። ላይካ በ2016 ኤም-ዲ የተባለውን ዲጂታል ካሜራ ያለ ምንም ስክሪን አወጣ። ፉጂፊልም በ2019 ያቀረበው ኤክስ-ፕሮ3 ዋናው ስክሪኑ ወደ ውስጥ ዞሮ የተደበቀ፣ ሲፈለግ ብቻ ወደ ታች የሚከፈት ነው። የእነዚህ ካሜራዎች መልእክት፣ ፎቶግራፍ አንሺው ያነሣውን ደጋግሞ ከማየት ይልቅ ፊት ለፊቱ ያለውን ዓለም ይመልከት የሚል ነው። ቁም ነገር ያለው ምክር ነው። ሆኖም ምክሩ የሚነቅፈው ወደ ኋላ የሚያይ ስክሪንን እንጂ የሚታጠፍ ስክሪንን አይደለም።

እንግዲህ የታሪኩ ፍርድ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። ተንቀሳቃሽ ስክሪን ካሜራውን በጥቂቱ ያወፍራል፣ ያስወድዳል፣ ሊሰበር የሚችል አንድ አካልም ይጨምርበታል። በምላሹ ግን ፕሪዝሙ ከነገሠ ወዲህ ብዙዎች የተዉትን ነፃነት፣ ማለትም ካሜራው በአንድ ቦታ ዓይን በሌላ ቦታ የሚሆኑበትን ነፃነት ይመልሳል። ሁልጊዜ በቁመቱ ልክ፣ በዓይን መመልከቻ ለሚያነሣ ሰው ገንዘቡን ሊያወጣበት አይገባም። ሰውን፣ ሕፃንን፣ ጣሪያን፣ መሬትንና ብዙ ሕዝብን ለሚያነሣ ግን ከብዙ ሜጋፒክሰል ይልቅ ይጠቅመዋል። ማጠፊያው ከፍታን ለመምረጥ ያስችላል፤ ከየትኛው ከፍታ፣ በምን ዓይን እንደሚታይ መምረጥ ግን የባለ ካሜራው ኃላፊነት ነው።