ከስፌቱ በኋላ ቁስሉን ማን ያየዋል?

ምጥ ጠንቶባት ነፋስ መውጫ ሆስፒታል የደረሰች፣ በኦፕራሲዮን የተገላገለች እናት ደህና ከሆነች በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቤቷ ትሸኛለች። ቤቷ አስፋልቱ ዳር ከሆነ ባጃጅ አለ። ወደ ተከዜ ወይም ወደ በሽሎ በሚወርደው ቆላ ከሆነ ግን ከነስፌቷ ረጅም ቁልቁለት ይጠብቃታል። ስፌት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያመረቅዘው ሐኪሙ አጠገብ እያለች አይደለም። ቤቷ ከገባች፣ ዘመድ አራስ ጥየቃ መምጣት ከጀመረ በኋላ ነው። የሕክምናው ዓለም የኦፕራሲዮን ቁስልን እስከ 30 ቀን ተከታተሉ የሚለው ለዚህ ነው።

እነዚያን 30 ቀናት የሚከታተለው ማነው? የኢትዮጵያን የቀዶ ሕክምና ታሪክ በዚህ ጥያቄ ብናነበው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ቀዶ ሕክምናው በየዘመኑ ወደ ገጠሩ እየቀረበ መጥቷል፤ ቁስሉን የሚከታተለው ዓይን ግን ሆስፒታል ውስጥ ቀርቷል።

ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በዚያው በ1888 ዓ.ም ክረምት፣ በጄኔራል ሽቬዶቭ የሚመራ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ የጦር ቁስለኞችን አከመ። ቁስለኛው እዚያው ይተኛል፣ ፋሻው እዚያው ይቀየራል። ሐኪም ባልደረሰበት አገር ቁስል ጠባቂው ቤተሰብና የባህል ሐኪም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ድሬሰር ነው። የሰለጠነው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ ፋሻ ይቀይራል፣ መርፌ ይወጋል። የገጠሩ ሰው ግን «ሐኪም» ብሎ ነው የሚጠራው። እ.ኤ.አ. በ1953 የደምቢያን ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ከጨረሰው በኋላ በቀጣዩ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ አሰልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች መላክ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ በሽተኛው ወደ ሐኪሙ መምጣት ካልቻለ ሐኪሙ ወደ በሽተኛው ይሂድ።

ይህ ሐሳብ ሁለት ጊዜ ሰፍቷል። በ1995 ዓ.ም የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በማስተርስ ደረጃ ማሰልጠን ተጀመረ። ስፔሻሊስት የማይደርስባቸው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች በኦፕራሲዮን ማዋለድ የቻሉት በአብዛኛው በእነዚህ ባለሙያዎች ነው። ቀዶ ሕክምናው እስከ ወረዳ ደረሰ ማለት ነው። ግን ቀበሌ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ወረዳ ያለው ቀዶ ሐኪም ስለ አንዲት እናት ስፌት የሚነጋገሩበት መንገድ አብሮ አልተዘረጋም።

የዚህ ክፍተት ዋጋ በቁጥር ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ 66 አገሮችን ያካተተ ግሎባልሰርጅ የተባለ ጥናት የሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ባደጉት አገሮች ቁስሉ ያመረቀዘባቸው 9.4 በመቶ ሲሆኑ፣ በዕድገት ወደ ኋላ በቀሩት ግን 23.2 በመቶ ሆነው ተገኙ።

ስልኩ ወደ ታሪኩ የገባው እዚህ ላይ ነው። በኤድንብራ ድንገተኛ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 492 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የቁስላቸውን ፎቶ እያነሱ፣ ለጥቂት ጥያቄዎችም እየመለሱ በስልክ እንዲልኩ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት መሠረት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ኢንፌክሽናቸው የመታወቁ ዕድል ከሌሎቹ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ነበር። ፎቶውን ያዩት ሰዎች ነበሩ፤ ማሽን ገና አልገባበትም። ለውጡን ያመጣው ክትትሉ ነው።

ማሽኑ የገባው ሐኪም ሁሉንም ፎቶ ማየት ስለማይችል ነው። የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ከዘጠኝ ሆስፒታሎች፣ ከ6 ሺህ በላይ ታካሚዎች በተሰበሰቡ ከ20 ሺህ በላይ ፎቶዎች የሰለጠነ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ አድርጓል። ፎቶው ላይ ስፌት መኖሩን በ94 በመቶ ትክክለኛነት ይለያል። ያመረቀዘውን ካላመረቀዘው የመለየት ብቃቱ ግን 0.81 ነው፤ በዚህ መለኪያ 1 ፍጹም ሲሆን 0.5 ሳንቲም እንደመወርወር ነው። ስለዚህ ሐኪሙን ቶሎ ይጠራል እንጂ አይተካውም።

ለጋይንት የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከአሜሪካ ይልቅ ሩዋንዳ ነው። ኪሬሄ በተባለው የገጠር ሆስፒታል በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶችን የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ቤታቸው ድረስ ሄደው ቁስላቸውን ፎቶ አነሱ። ተመራማሪዎቹም ማሽኑን በእነዚያው እናቶች ፎቶ አሰለጠኑ፤ ሙቀት የሚለካ አነስተኛ ካሜራም ሞከሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሕክምና መጻሕፍት የቁስል ኢንፌክሽን ምልክት «መቅላት» ነው ይላሉ። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ እንደዚያ አይታይም፤ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይወጠራል፣ ያብረቀርቃል። የነጭ ቆዳ ፎቶ ብቻ ያየ ማሽን የጋይንቷን እናት ቁስል ዳነ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሽታና ትኩሳትንም ፎቶ አይናገርም፤ እነሱን ጠይቃ የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት።

መሠረቱን አለመርሳትም ያስፈልጋል። በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተሞከረው ክሊን ከት የተባለ ፕሮግራም የቁስል ኢንፌክሽንን በሲሶ ገደማ የቀነሰው በእጅ መታጠብ፣ በመሣሪያ ንጽህና፣ ጊዜውን በጠበቀ አንቲባዮቲክና በመሳሰሉት ነው። ውሃ የሌለው ሆስፒታል በስልክ አይድንም።

ነፋስ መውጫ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ነሐሴ 2013 ዓ.ም በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆየችባቸው ዘጠኝ ቀናት ሆስፒታሏ መዘረፉንና መጎዳቱን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘግቧል። በ2015 ዓ.ም ክረምት ደግሞ በክልሉ ግጭት ተቀስቅሶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ከሩቅ ሰርቨር መልስ የሚጠብቅ ማሽን እንዲህ ባለ ጊዜ ዋጋ የለውም።

እንግዲህ ይህ ቴክኖሎጂ ወደ አገራችን ሲመጣ የሚቀርብለት ጥያቄ ከወዲሁ ይታወቃል። በእኛ ሰው ቁስል ሰልጥኗል? ያለ ኔትወርክ ይሠራል? ከእምብርቷ በታች የተነሳው ፎቶ ማን እጅ ይገባል፣ እናቲቱስ ፈቅዳለች? ማሽኑ «አደጋ አለ» ሲል አንቡላንስና መድኃኒት አለ? መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ማሽኑ እናቲቱ መታመሟን ቀደም ብሎ ከመንገር አያልፍም።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ከጎንደሩ ኮሌጅ ጀምሮ የተሄደው መንገድ ሁሉ ለዚህ ነበር። ስልኩም የሚጠቅመው የዚያ መንገድ ቀጣይ ሆኖ በየቤቱ የምትዞረዋ ሴት እጅ ሲገባ ነው።