የሰባት ዓመት ከስምንት ወር ስህተት

የዛሬው ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ከ2013 ተማሪዎቼ አንዱ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ያ አፕዴት አልቀበልም ብሎ ያስቸገረን ኮምፒውተር በመጨረሻ ችግሩ ምን ሆኖ ተገኘ?» አለኝ። መልሱን ካወቅኩት ቆይቷል። ያልተናገርኩት ስላፈርኩ ነው።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ የማስተምረው ታሪክ ነው። የአይሲቲ ክፍሉን ደግሞ «አንተ ትሞካክራለህ» ተብዬ ደርቤ ይዤው ነበር። በኮሮና ተዘግቶ የከረመው ትምህርት በ2013 ጥቅምት ላይ ሲከፈት፣ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ኡቡንቱ 20.04 ጫንኩባቸው። ኢንተርኔቱ የስልኬ ዳታ ነው። ሁሉም ማሽን አፕዴቱን ሲቀበል አንዱ ብቻ እምቢ አለ። «ሱዶ አፕት አፕዴት» ስለው የስህተት መልእክት ይደረድራል።

ያላደረግኩት ነገር የለም። የወረዱትን ዝርዝሮች አጠፋሁ፣ የሚያወርድበትን ሰርቨር ቀየርኩ፣ «ዲፒኬጂ ኮንፊገር» አልኩት፣ አጥፍቼ አበራሁት። እምቢ! በዚያ ማሽን አዘውትሮ የሚቀመጠው፣ ሴቲንግ መነካካት የሚወደው አንድ ልጅ ነበር። ሳልጠይቀው ደመደምኩ። መዝገቡ ላይ ስሙን ጽፌ «ሲስተም አበላሽቷል» አልኩና እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ክፍሉ እንዳይገባ ከለከልኩት። «ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም» ብሎኛል፣ አልሰማሁትም።

አሁን ወደ ታሪኩ። ሊነክስ ላይ ፕሮግራም መጫን ድሮ ትልቅ ጣጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ ዴቢያን የሚባለውን ሥርዓት ጀመረ። ስሙ ከፍቅረኛው ከዴብራ እና ከራሱ ከኢያን የተገጣጠመ ነው። በ1994 ሌላ ኢያን፣ ኢያን ጃክሰን፣ ዲፒኬጂን በሲ ቋንቋ እንደገና ጻፈው። ይሄ ፕሮግራም አንድን ጥቅል ፈትቶ ፋይሎቹን በየቦታቸው ያስቀምጣል፣ የት እንደደረሰም መዝገብ ይይዛል። መብራት መሃል ላይ ቢሄድ እንኳ ሲመጣ ካቆመበት እንዲቀጥል ማዘዝ ይቻላል፤ ያ «ኮንፊገር» የምንለው ትእዛዝ ሥራው ይሄ ነው። ኢተያ ላይ መብራት እንዴት እንደሚሄድ ለምታውቁ የዚህ ጥቅም አይነገራችሁም። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር አፕት መጣ፤ አንዱ ጥቅል የሚፈልጋቸውን ሌሎች ጥቅሎች ፈልጎ ከኢንተርኔት የሚያመጣው እሱ ነው።

የኡቡንቱ የመጀመሪያ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2004፣ በኛ ጥቅምት 10 ቀን 1997 ነው። ገንዘቡን ያወጣው ማርክ ሻትልወርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ ከዚያ በፊት ከፍሎ ጠፈር ደርሶ የመጣ ሰው። በዚያው 1997 ዓ.ም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የገባው የፕላዝማ ትምህርትም ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ነበር። የኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፣ መብራት ከሄደ ትምህርቱ አለፈ፤ የቲቪው አስተማሪ ማንንም አይጠብቅም። (ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት የተጀመረውም በ1997 ነው፣ ግን በፈረንጅ። ተማሪ ፈተና ላይ ሁለቱን ሲያምታታ ቀይ እስክሪብቶ የማነሳው እኔ ነኝ። ይሄን ያዙልኝ።)

ኢንተርኔት ለማይደርሰን ኡቡንቱ እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ ሲዲ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ኮሌጅ ሳለሁ ካርቶን ልባስ ባለው ሲዲ ነው። ሲዲ ግን ያረጃል። አፕዴት ያለ መስመር አይሆንም፤ መስመሩ ደግሞ የሚቋረጠው በመብራት ብቻ አይደለም። ሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ ያ ሁሉ መከራ በወረደ ጊዜ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቷል። የኔ ላፕቶፕ ጥቅሎችን እያወረደ መሃል ላይ ቀረ። ሲከፈት ልቀጥል ብል ሰርቨሩ «የለም» ይለኛል። ለካ የኔ ማሽን የያዘው ዝርዝር የሰኔ ነው፣ ሰርቨሩ ላይ ግን አሮጌዎቹ ተነስተው አዳዲሶቹ ተተክተዋል። መጀመሪያ ዝርዝሩን ማደስ፣ ከዚያ ማውረድ ነበር መፍትሔው።

ስለዚህ የዚያኛውም ማሽን ችግር እንዲሁ መስሎኝ ነበር። ታኅሣሥ ላይ አንድ ከሰዓት ብቻዬን ተቀምጬ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም። የሚለው ይሄንን ነው፦ ይህ የዝርዝር ፋይል ገና ዋጋ የለውም፣ ሊጸና 2,808 ቀን ይቀረዋል።

አፕት ዝርዝሩን ዝም ብሎ አይቀበልም። ፋይሉ ላይ ፊርማና ቀን አለው። እኛ አገር ምርጥ የስንዴ ዘር ስንገዛ ከረጢቱ ላይ የተሰፋውን ወረቀት እንደምናየው ማለት ነው። የሚመጣው ዓመት የተጻፈበት ዘር ቢያቀርቡላችሁ ትገዛላችሁ? አፕትም አልገዛም አለ።

2,808ን ለ365 አካፈልኩት። ሰባት ደርሶ 253 ቀን ተረፈ። ሰባት ዓመት፣ ከስምንት ወር፣ ከጥቂት ቀን። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ቁጥር! በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሮም የነበረው መነኩሴ ዲዮናስዮስ የክርስቶስን ልደት ሲያሰላ እኛ ከያዝነው የእስክንድርያ ስሌት ጋር ስላልተስማማ ዘመናችን ተለያየ፣ እያልኩ የማስተምረው።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ትምህርት ሊከፈት ሰሞን የተማሪዎቹ ጽሑፍ ላይ የኛ ዘመን እንዲወጣ ብዬ፣ እንደ ሙከራ በዚያ ማሽን ላይ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዳይወስድ አጥፍቼ በእጄ 20/2/2013 አስገብቻለሁ። ጥቅምት 20 ማለቴ ነው። ማሽኑ ግን ፌብሩዋሪ 20 ብሎ ተረዳው። ከዚያ ረሳሁት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።

ማሽኑ እኮ በውስጡ የኛንም የፈረንጁንም ዓመት አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ጀምሮ ሰከንድ ነው የሚቆጥረው። ዘመኑ ማሳያ ብቻ ነው። ማሳያውን መቀየር ሲገባኝ ቆጣሪውን ነካሁ። አውቶማቲኩን መልሼ አበራሁት፣ ሰዓቱ ተስተካከለ፣ አፕዴቱም ያለ ምንም ጥያቄ ወረደ።

ይሄ ነገር የኔ ብቻ አይደለም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው ብለው ኮምፒውተሩን በኛ አቆጣጠር 2፡00 የሚያደርጉ አሉ፤ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፣ ጠዋት የወጣውን ዝርዝር እምቢ ይልና ከሰዓት ይቀበላል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ጠፍጣፋ ባትሪ ስታልቅም መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ዓመታት ወደኋላ ሊመለስ ይችላል። አፕዴት እምቢ ካላችሁ ሌላ ከመነካካታችሁ በፊት ቀኑን እዩ፣ ዓመቱንም ጭምር።

ልጁን የከለከልኩት እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ነበር። ችግሩን ካገኘሁ በኋላ የቀሩትን ሳምንታት ዝም ብዬ አሳለፍኳቸው፤ «ቲቸር ተሳሳተ» እንዳይባል። በውስጥ መስመር የጠየቀኝ እሱ ራሱ ነው። አሁን የኮምፒውተር ሥራ ላይ ነው፣ እኔ ሳልረዳው። ስምህን አልጠራም ወንድሜ፣ አንተ ታውቀዋለህ። ይቅርታ አድርግልኝ። መዝገቡ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ሰኞ አውጥቼ ስምህን ሰርዤ የራሴን እጽፍበታለሁ፣ ፎቶውንም እልክልሃለሁ።