ነገሩ የማይነካው ምስክር

በአገራችን ሁለት ሰዎች ተጣልተው ከሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ አስቀድሞ የሚጠየቁት «እማኝ አላችሁ ወይ?» ተብለው ነው። እማኝነቱም የሚከበረው በነገሩ ትርፍም ጉዳትም የሌለው ሰው ሲመሰክር ነው። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ «እኔን ምን አገባኝ» ብሎ ዝም ይላል። እኔ ዛሬ ለወጣቶች አንባቢዎቼ ልተርክላቸው የፈለግሁት «ምን አገባን» ለማለት ሲችሉ ስላላሉ ጥቂት ቀሳውስትና ስለ ባለቤቶቻቸው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ የተፈጸመው በአሜሪካ አገር፥ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ እስከ 1975 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ሰዎች ግንኙነት ወንጀል ነበር። በመጠጥ ቤት ተሰብስበው የተገኙ ይያዛሉ፤ ስማቸው በጋዜጣ ይወጣል፤ ከዚያም ሥራቸውን ያጣሉ። በዚህ ከተማ ቴንደርሎይን በሚባለው የድኾች ሰፈር፥ ግላይድ በተባለው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን፥ ቴድ ማኪልቬና የሚባል ቄስ ለወጣቶች አገልግሎት ተመድቦ ነበር። ይህ ሰው ወጣቶቹን በየመንገዱ ሲፈልግ፥ ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ቤት የተባረሩት ተመሳሳይ ጾታን በማፍቀራቸው መሆኑን ተረዳ።

ማኪልቬና ስለዚህ ነገር ስብከት ከማዘጋጀቱ በፊት ጉባኤ አዘጋጀ። በ1964 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻ፥ ከከተማው ወጣ ባለው በሚል ቫሊ፥ የሜቶዲስት፥ የኤጲስቆጶሳዊት፥ የሉተራንና የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ቀሳውስት ተመሳሳይ ጾታን ከሚያፈቅሩ ወንዶችና ሴቶች ጋር አብረው ሰነበቱ። ሁሉም በአንድነት ወደ ሠላሳ ይጠጉ ነበር። ከእነርሱም መካከል በ1955 ዓ.ም. የሴቶቹን ማኅበር ከመሠረቱት ውስጥ የሆኑት ዴል ማርቲንና ፊሊስ ላየን ይገኙ ነበር። ቀሳውስቱ ቤተ ክርስቲያን ለእነዚህ ሰዎች ምን ሆና እንደ ታየቻቸው ከአፋቸው ሰሙ። ከዚህም በኋላ በዚያው ዓመት ሁለቱ ወገኖች በእኩልነት የሚቀመጡበትን ምክር ቤት አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አንዱ የግላይድ ቄስ የሆነው ጥቁሩ አሜሪካዊ ሴሲል ዊሊያምስ ነበር።

ምክር ቤቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ በጥር 1 ቀን 1965 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ አዳራሽ በሚባለው ቤት የጭፈራ ምሽት አዘጋጀ። ቀሳውስቱ አስቀድመው ከፖሊስ ጋር ተነጋግረው ስለ ነበረ፥ በሰላም የሚያልፍ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን በዚያች ሌሊት ፖሊሶች በደጅ ትልልቅ መብራት አብርተው የሚገባውንም የሚወጣውንም ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሡ ጀመር። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አትገቡም ብለው የተከራከሩ ሦስት ጠበቆችና በር ላይ ቲኬት የምትቀበል አንዲት ሴት ተያዙ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ ብለህ ተመልከት። እንዲህ ያለው ማስፈራራት በእነዚያ ሰዎች ላይ ለብዙ ዓመታት ሲደርስ ኖሯል፤ ቢናገሩም የሚሰማቸው አልነበረም። በዚያች ሌሊት ግን መብራቱ በቀሳውስቱና በባለቤቶቻቸውም ፊት ላይ በራ። በማግስቱ ሰባት ቀሳውስት የክህነት ልብሳቸውን ለብሰው ጋዜጠኞችን ጠሩና በዓይናቸው ያዩትን መሰከሩ። የተያዙትም ሰዎች ለፍርድ በቀረቡ ጊዜ፥ መከላከያቸውን ሳያቀርቡ ዳኛው በነፃ እንዲለቀቁ አዘዘ።

እዚህ ላይ የሚመር ነገር አለ። እውነቱ ያው አንድ ሆኖ ሳለ፥ ከተበዳዩ አፍ ሲወጣ ያልታመነው ከቄሱ አፍ ሲወጣ ታመነ። ስለዚህ ለተበደለ የሚቆም ሰው በሚሰማው ክብር መመካት አይገባውም፤ ያ ክብር ራሱ ከአድልዎው የተገኘ ድርሻ ነውና። በጎነታቸው በተሰጣቸው ታማኝነት ለሌላው መሥራታቸው፥ ከመናገራቸውም በፊት ማዳመጣቸው ነው።

የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ግን እንደ ቀሳውስቱ አልፈጠነችም። በ1972 ዓ.ም. ይህ ፍቅር በተግባር ሲገለጥ ከክርስትና ትምህርት ጋር አይስማማም የሚል ቃል በመመሪያዋ አስገባች። ያን ቃል ያነሣችው በ2024 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከ52 ዓመት ክርክርና በአሜሪካ ከ7,600 የሚበልጡ አጥቢያዎች ከተለዩዋት በኋላ ነው።

የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት የሚያስተምሩት ከዚህ የተለየ መሆኑን አንባቢዬ ያውቃል። እኔ በበኩሌ የማምነው ማንንም ከደጇ የማታባርር ቤተ ክርስቲያን የጌታዋን ፈቃድ እንደምትፈጽም ነው። በዚህ የማይስማማኝም ወጣት ቢሆን ከአንድ ነገር አያመልጥም፤ ጎረቤቱ ሲዋረድ በዓይኑ ያየ ሰው እማኝ ሆኗል። ሲጠየቅም «አላየሁም» ቢል፥ ዝምታው በሐሰት ከመመስከር ይቈጠርበታል።