የራሱን ግብር የሚበላ እንግዳ

ከመቱ ብዙም የማትርቀው ጎሬ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የኢሉባቦር ገዥ የነበሩት የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች። በዚያ ዘመን የሰው ክብር በማዕረግ ይለካ ነበር፤ ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች እያለ ወደ ላይ ይወጣል። በመኳንንት ቤት ግብር ሲበላም እንግዳው የሚቀመጠው እንደ ማዕረጉ ነበር። "ግብር" የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት እንዳለው ልብ በሉ። ገበሬው የሚከፍለውም ግብር ነው፤ በአዳራሹ የሚበላውም ግብር ነው። ድግሱ ከአንዱ ጎተራ ወጥቶ በሌላው ፊት ይቀርብ ነበር።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በቅርቡ ከወጣቶቻችን አንዱ ስልኩን አሳየኝ። በኢንተርኔት ከሚያቋምር ድርጅት የመጣ መልእክት ነው፤ ወርቅ ደረጃ ላይ ለመድረስ ጥቂት ነጥብ እንደቀረው ይነግረዋል። "መምህር፣ እኔን እኮ አንቱ ይሉኛል!" ብሎ ሳቀ። ማዕረግ ዛሬም ልብ ያሞቃል።

ደንበኛን በስጦታ ማሰር አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1896 የተመሠረተው ስፔሪ ኤንድ ሃቺንሰን ለባለ ሱቆች አረንጓዴ ቴምብር ይሸጥ ነበር። ሸማቹ ዕቃ ሲገዛ ቴምብር ይሰጠዋል፤ ደብተሩ ሲሞላ በዕቃ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ የተጓዦቹን ማይል መቁጠር ጀመረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባማይልስም የዚሁ ዘር ነው። እነዚህ ቢያንስ ዕቃ ወይም ጉዞ ይሸጣሉ።

ቁማር ቤቶች ዘዴውን ወስደው አሰፉት። እ.ኤ.አ. በ1998 ሃራስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋሪ ላቭማን የሚባሉ የሃርቫርድ መምህር ቀጠረ። እያንዳንዱ ተጫዋች ምን ያህል እንደሚያስይዝ በካርዱ እየተመዘገበ፣ ደንበኞች በወርቅ፣ በፕላቲነምና በዳይመንድ ደረጃ ተከፈሉ። ቀጥሎ ካዚኖው ራሱ ወደ ስልክ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው ኢቮሉሽን በላትቪያ ከተማ በሪጋ ስቱዲዮ ከፍቶ፣ ሰው ካርታ ሲያድልና ሩሌት ሲያሽከረክር በካሜራ በቀጥታ ያስተላልፍ ጀመር። ተጫዋቹ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነው፤ ከማዶ ግን ፈገግ የሚልለት ሰው አለ። ማዕረጉም እዚያው ይጨመርለታል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የአውሮፓ ሩሌት 37 ቁጥሮች አሉት፤ አንዱን ቁጥር ይዞ የደረሰው ግን የሚያተርፈው የመያዣውን 35 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሚያዘው 10,000 ብር በአማካይ 270 ብር ያህል ለቤቱ ይቀራል። 10,000 ብር በአንዴ መያዝ አያስፈልግም፤ 100 ብር መቶ ጊዜ ሲያዝም ያው ነው። ነጥብ የሚቆጠረውም በመያዣው ልክ ነው። ቤቱ ከ270 ብሩ ላይ 50 ብር "ስጦታ" ብሎ ቢመልስ፣ የመለሰው የተጫዋቹን ገንዘብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ ይፋ በሆነ መረጃ፣ በአንድ ኩባንያ ከደንበኞቹ 2 በመቶ የሚሆኑት ቪአይፒዎች ከገባው ገንዘብ 83 በመቶውን አስገብተው ተገኙ። የአገሪቱ የቁማር ኮሚሽንም በዚያው ዓመት ኩባንያዎች ሰውን ቪአይፒ ከማድረጋቸው በፊት አቅሙን እንዲያጣሩ አዘዘ።

በእኛ ከተሞች፣ በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌ፣ ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ ገንዘብ እጅ ይገባል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስላለ ብሩ ከኪስ ሲወጣ እንኳ አይታይም። ከዚያ ወጣት ጋር ተቀምጠን የከፈለባቸውን መልእክቶች አንድ በአንድ ደመርን። ድምሩ እናቱ በዚያ ዓመት ቡና ሸጠው ካገኙት በለጠ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

በጎሬ አዳራሽ ከፋዩ ሌላ፣ በይው ሌላ ነበር። በደል ነበረበት፤ ግን እንግዳው የማንን እንደሚበላ ያውቅ ነበር። በዚህኛው ድግስ ግን ከፋዩም በይውም አንድ ሰው ነው፤ እሱም አያውቅም። እኛ ጸጋ የምንለው ሌላው ከፍሎልን የምንቀርብበትን ማዕድ ነው። ስለዚህ "ውድ ደንበኛችን" የሚል መልእክት ሲመጣላችሁ፣ ከመደሰታችሁ በፊት የድግሱን ከፋይ ጠይቁ። ከዚያ ወጣት ጋር ግን ገና አልጨረስንም፤ ለእናቱ የሚነግርበትን ቀን እየቆረጥን ነው።