የሥራ ዝለት፣ የአእምሮ ጽናትና የኑሮ ጥራት፦ በደብረ ብርሃን ታሪክ መነሻነት

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1434–1468) በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን እንደሆነ በሰፊው ይታወቃል። በንጉሡ ዜና መዋዕል ውስጥ ያን ያህል የማይወሳው ግን በከተማይቱ ላይ ስለ ወረደው ቸነፈር የሚናገረው ክፍል ነው። ከሕዝቡ እልቂት ብዛት የተነሣ ሙታንን የሚቀብር ሰው እስከ መታጣት እንደ ተደረሰ፣ ንጉሡም መቅሠፍቱ እንዲርቅ ቤተ ቂርቆስ የተባለ ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ተጽፏል። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ የመከራውን ልክ የለካው በሟቾች ቁጥር ሳይሆን በቀባሪ እጦት መሆኑ ለጤና ባለሙያ ልዩ ትርጉም አለው። አንድ ማኅበረሰብ ተሸነፈ የሚባለው ረጂዎቹ በተራቸው ወድቀው የሚተካቸው ሲጠፋ ነውና።

የሌላውን ሥቃይ የሚያስታምም ሰው ራሱም እንደሚዝል ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም፣ ጉዳዩ በሳይንስ ራሱን የቻለ ስም ያገኘው ግን በቅርቡ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር በኒው ዮርክ ከተማ የዘወትር ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ በአንድ ነፃ ክሊኒክ በበጎ ፈቃድ ያገለግሉ ነበር። በዚያ የሚሠሩት ባልደረቦቻቸው፣ እሳቸውም ጭምር፣ ከጊዜ በኋላ ጉልበታቸውና የሥራ ፍላጎታቸው ተሟጦ ሲያልቅ ተመልክተው እ.ኤ.አ. በ1974 ያዩትን በጽሑፍ አወጡ። ለዝለቱ ይበልጥ የተጋለጡት ሰነፎቹ ሳይሆኑ ከሁሉ አብልጠው የሚተጉት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ክሪስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን ይህንኑ ሁኔታ የሚለካ መጠይቅ አዘጋጁ። መጠይቁ የሚመዝነው ሦስት ነገሮችን ነው፤ እነሱም የስሜት መሟጠጥ፣ ሕሙማንን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ አልጋ ቁጥር ማየት፣ እንዲሁም የሠሩት ሁሉ ዋጋ የለውም የሚል ስሜት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የሥራ ዝለትን በበሽታነት አልመዘገበውም፤ በሥራ ቦታ ለረጅም ጊዜ ከቆየና በአግባቡ ካልተያዘ ውጥረት የሚመነጭ ክስተት ነው ሲል ፈረጀው እንጂ። ይህ አባባል ጥያቄውን ከሠራተኛው ጠባይ ወደ ሥራው አደረጃጀት ያዞረ በመሆኑ ቀላል አይደለም።

የአእምሮ ጽናት ከመከራ በኋላ ተመልሶ የመቆም ችሎታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በኮነርና በዴቪድሰን የተዘጋጀው ባለ 25 ጥያቄ መለኪያ በብዙ አገሮች ሠርቶበታል፤ ብዙዎቹ ጥናቶችም ጽናት ከፍ ባለበት ዝለቱ ዝቅ፣ የኑሮ ጥራቱ ደግሞ ከፍ ብሎ እንደሚታይ ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ በአንድ ወቅት ብቻ የተወሰዱ ናቸውና የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ለይተው አያሳዩም፤ የዛለ ሰው ስለ ጽናቱ ሲጠየቅ ዝቅተኛ መልስ መስጠቱ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ሐኪሞች ላይ የወጣ ሰፊ ጥናት የሐኪሞቹ ጽናት ከሌላው ሠራተኛ ሕዝብ የላቀ ሆኖ ሳለ፣ ከፍተኛውን የጽናት ውጤት ካገኙት ሐኪሞች እንኳ 29 በመቶው የዝለት ምልክት እንደ ነበራቸው አሳይቷል። ስለሆነም ጽናትን በሥልጠና ማጎልበት ተገቢ ቢሆንም ብቻውን መድኃኒት ነው ማለት አይቻልም።

የአገራችን የጤና አገልግሎት ታሪክም ይህንኑ በራሱ መንገድ ይናገራል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ጠባቂውን ጎን ለጎን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ዓላማው የባለሙያ እጥረትን ለማቃለል ቢሆንም፣ አንድ ሰው በገጠር ብቻውን እንዳይቀር ማድረጉም ትንሽ ጥቅም አልነበረም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቦታው ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም 5,000 ያህል ሕዝብ ለሚኖርበት አንድ ቀበሌ የመደበው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን ነው። በዚህ ሥርዓት ከ30,000 በላይ ሴቶች ተሠማርተዋል። ከሁለቱ አንዷ በወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ወይም ለትምህርት ስትሄድ ግን ቡድን የተባለው ወደ አንድ ሰው ይወርዳል፤ ክትባቱም፣ የቤት ለቤት ጉብኝቱም፣ ሪፖርቱም በቀረችው ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በደሴ አውራ ጎዳና የምትገኘው ደብረ ብርሃን ባለፉት ዓመታት የደረሰባት ጫና ተደራራቢ ነው። ዩኒቨርሲቲዋ በ1999 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የጤና ሳይንስ ካምፓሱም በስመ ጥሩው የቀዶ ሕክምና ሊቅ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ይጠራል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ ሲገኝ ከተማዋ እንደ ሌላው ሁሉ ተዘጋጀች። ወረርሽኙ ሳይበርድ በ2013 ዓ.ም. ከአጣዬና ከአካባቢዋ የተፈናቀሉ ወገኖች መጡ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ ዘልቆ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ በኅዳር ወር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲቃረብ ደብረ ብርሃን ከወሎና ከሰሜን ሸዋ በሚሸሽ ሕዝብ ተጥለቀለቀች። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖችም በከተማዋ በመጠለያ ኖረዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ሲጨመርበት፣ አንዱ ችግር ሳያልፍ ሌላው የሚተካበት ዘመን ሆነ።

በእነዚህ ዓመታት የጤና ባለሙያው ከሕዝቡ ተለይቶ የሚቆም አልነበረም። ቤተሰቡ ሊሸሽ ሻንጣ ሲያዘጋጅ ተረኛ ሆኖ የሚያድር፣ መንገድ ተዘግቶበት ወላጆቹን ሳያይ የሚከርም እርሱው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮ ጥራትን የሚመዝነው በአካል፣ በሥነ ልቦና፣ በማኅበራዊ ግንኙነትና በአካባቢ ሁኔታ ነው፤ በመጨረሻው ክፍል ውስጥ የገንዘብ አቅም፣ የአካል ደኅንነት፣ መኖሪያ ቤት፣ መጓጓዣና ሕክምና የማግኘት ዕድል ይገኛሉ። በዚህ ሚዛን ሲታይ የአንድ ነርስ የኑሮ ጥራት ከመንገዱ ሰላምና ከቤት ኪራዩ ተለይቶ አይተመንም።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ባህላችን ለሐዘንተኛ ጊዜ ይሰጣል፤ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት በተራ ምግብ ያቀርባል፣ ሐዘንተኛውም ከሥራው አርፎ ይቀመጣል። በሆስፒታል የሕሙማን ክፍል ግን የሟቹን ዐይን የከደነችው ነርስ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች፤ በአንድ ሌሊት ሁለት ሦስት ሞት ያየችም ብትሆን በማግሥቱ ስሟ የተረኞች ዝርዝር ላይ ይገኛል። ዕድር ሐዘንን የሚያቀልለው ሰዎቹ ከሌላው የበለጠ ጽኑ ስለሆኑ ሳይሆን ሥራውን በተራ ስለሚካፈሉ ነው፤ ለተረኛ ነርስ ግን ይህን የመሰለ ወግ አልተበጀላትም።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. በተለያዩ የአገሪቱ ሆስፒታሎች የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ፣ የጥቅማጥቅምና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው በከፊል ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። ክርክሩ በአመዛኙ በሥነ ምግባርና በሕግ ዙሪያ ተካሄደ። የጥያቄዎቹ ዝርዝር ግን የኑሮ ጥራት መጠይቁ በአካባቢ ሁኔታ ሥር ከሚጠይቃቸው ነገሮች ጋር በእጅጉ ይቀራረባል።