ተመልካች ስለምን ይጮኻል? ተተኪ ተዋናይና የብሮድዌይ አዳራሽ



እ.ኤ.አ. በ1954 «ዘ ፓጃማ ጌም» የተሰኘው ሙዚቃዊ ተውኔት በብሮድዌይ ለሕዝብ ቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ካሮል ሄኒ ቁርጭምጭሚቷን ተጎዳችና፣ ከአጃቢ ዳንሰኞች አንዷ የነበረችው ወጣት ሸርሊ ማክሌን በእርሷ ፈንታ መድረክ ወጣች። ለውጡ ሲነገር አዳራሹ በተቃውሞ እንደጮኸ ማክሌን ራሷ ተርካለች። ባለታሪኳ ናትና ጥቂት ብታጋንን አይፈረድባትም።

ታሪኩ ዘወትር የሚወሳው ስለ ፍጻሜው ነው፤ በተተኪነት ስትጫወት ያያት የፊልም ፕሮዲዩሰሩ ሃል ዋሊስ አስፈርሞ ወደ ሆሊዉድ ወሰዳት። እኔን ግን የሚያመራምረኝ ጩኸቱ ነው። ገና ስትጨፍር ያላዩአትን ልጅ ችሎታ ሊነቅፉ አይችሉም፤ የተቃወሙት ቃል የተገባላቸው ነገር መቅረቱን ነው።

ይህን ቃል የገባላቸው ማን ነው? ስሙ በፖስተሩ ላይ ከተውኔቱ ርዕስ በላይ የተጻፈ ኮከብ ሲቀር፣ በብሮድዌይ ልማድ ተመልካች ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። ሄኒ ግን በ1955 የቶኒ ሽልማትን የተቀበለችው በደጋፊ ተዋናይትነት ነው። ኮከብ ያደረጋት የቲያትር ቤቱ ማስታወቂያ ሳይሆን፣ አይቷት የወጣው ተመልካች ለወዳጁ ያወራው ወሬ ነው ባይ ነኝ። እንዲህ ያለውን ቃል ደግሞ ትኬት ቆራጩ አልሰጠውም፤ ሊመልሰውም አይችልም።